መብሩካ ላይ የበላ ሰው

ባሌ ተማም የሰው ገበታ አይቀርብም። ሰርግም ይሁን ለቅሶ፣ ኢድም ይሁን የልጅ መወለድ አቂቃ፣ መኪናው ውስጥ የራሱ ሳህን አለ። ነጭ ሳህን ነው፤ በፎጣ ተጠቅልሎ ከወንበሩ ኋላ ይቀመጣል። ሰው እጁን ታጥቦ ትሪውን ሲከብ እሱ ወደ መኪናው ይሄዳል። አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ያለ የአገራችን ሰው ስሙን ባያውቅ እንኳ ሳህኑን ያውቃል። "ያ ኩሩ" ይሉታል። አንዷ ሴት መስጊድ በር ላይ፣ እኔ ከኋላዋ መኖሬን ሳታይ፣ "ሚስቱንስ እንዴት ነክቶ ወለደ?" ብላ ጓደኞቿን አስቃለች። ሰማኋት። ምን እላለሁ? እኔንም አንዳንዴ ይገርመኛል።

ከልጃችን ከኢቅራ ሰርግ በኋላ ወሬው ስለበዛ የሆነውን እንደሆነ ልጽፈው ነው። እኔ ከአምስተኛ ክፍል ወዲያ አልተማርኩም፤ ያላየሁትን እሱ እንደነገረኝ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። የሚያቅለሸልሽ ነገር አለበት። ምግብ ላይ ያለ ሰው ቆይቶ ቢያነበው ይሻለዋል።

ተማም የተወለደው ባቲ አጠገብ ነው። አባቱ ግመል ነጂ ነበር፤ ከአፋር ሜዳ ጨው እየጫነ ገበያ ያወጣል። ተማም ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው ከግመል ኋላ መሄድ ሰለቸውና አሰብ ወረደ። ወደቡ ላይ ጆንያ ሲሸከም ቆየ። ከየመን ነጋዴዎች ጋር ውሎ ዐረብኛ ለምዶ ስለነበር፣ መብሩካ የምትባል መርከብ አስተናጋጅ ሲጎድላት እሱን ወሰዱት። ነጭ ኮት አለበሱት። ኮቱ ከእሱ በፊት የነበረው ሰው ላብ አልለቀቀውም፤ ብብቱ ቢጫ ሆኗል። "ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር" ይላል። "ባለ ኮት ሆንኩ ብዬ።"

መብሩካ በእንፋሎት የምትሄድ አሮጌ የመንገደኛ መርከብ ነበረች። ውቅያኖስ አታቋርጥም፤ ከየብስ ሳትርቅ ከወደብ ወደ ወደብ ትሄዳለች። ከኤደን ወደ አሰብ፣ ከአሰብ ወደ ምጽዋ፣ የሐጅ ወቅት ሲሆን ደግሞ ወደ ጅዳ። ታሪኳን ለተማም የነገረው ሞተሯን የሚጠብቅ ሽማግሌ ጣሊያን ነው። ሰውየው ሌላ ወሬ አልነበረውም፤ ሲሰክር ስለ መርከቧ ያወራል፣ ሳይሰክር ሲቀር ይሳደባል።

ስትሠራ ስሟ መብሩካ አልነበረም። በፈረንጆች 1908 ስኮትላንድ ውስጥ ነው የተሠራችው። የአንዲት ባላባት ሴት ስም ነበራት፤ ጣሊያኑ ራሱ አስተካክሎ ሊጠራው አይችልም። በዚያ ብርድ አገር ሀብታሞችን በበጋ ወደ ባሕር ዳር መንደሮች ታመላልስ ነበር። ለሴቶች ብቻ የሚሆን ሳሎን ነበራት፤ ግድግዳው ሙሉ መስታወት፣ ጥጉ ላይ ፒያኖ። ሴቶቹ ግን ማዕበል አይችሉም፤ ያስመልሳቸዋል። ስለዚህ ባለቤቶቿ በየአልጋው ሥር የሚንጠለጠል ሳፋ አሠሩ። ልብስ ማጠቢያ የሚያህል ሰፊ፣ ነጭ ቆርቆሮ፣ ጠርዙ ሰማያዊ፣ ውስጡ ከታች የድርጅቱ ምልክት የሆነች ወፍ የተሣለችበት። ሰው የሚያስመልስበት ዕቃ ላይ ወፍ መሣል ምን የሚሉት ነገር እንደሆነ እኔ አይገባኝም።

በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ቁስለኛ ጫነች፤ ሳፋዎቹ ደምና መግል ተቀበሉ። ከዚያ ጣሊያኖች ገዟት። ኤልቪራ አሏት፤ ነጭ ቀብተው ወደ ቀይ ባሕር አመጧት። ከላይ ነጮቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይጠጣሉ፤ ከታች የአገሩ ሰው ከፍየልና ከከሰል ጋር ይታጨቃል። አገራችንን የወረረውን ወታደርም አመላልሳለች። በኋላ እንግሊዝ ሲመጣባቸው፣ ለጠላት ከምናስረክባት ብለው ምጽዋ ወደብ ላይ ራሳቸው አሰጠሟት። ሁለት ዓመት ያህል ውሃ ውስጥ ተኛች። ሲያወጧት ፒያኖው ውስጥ ዓሣ ሞቶ፣ የሴቶቹ ሳሎን እስከ ጉልበት ጭቃ ሞልቶ ተገኘ። አንድ የኤደን ነጋዴ ገዛት፤ አስጠረጋት፤ መብሩካ ብሎ ሰየማት። የተባረከች ማለት ነው። ጭቃው ግን ከውሃ ማጠራቀሚያዋ ጨርሶ አልወጣም። ከእሷ የተቀዳ ውሃ ሻይ ሆኖ እንኳ የበሰበሰ ቅጠል ይሸት ነበር።

ኢቅራ ተማሪ ሳለች ከላይብረሪ የአሮጌ መርከቦች ፎቶ ያለበት መጽሐፍ አምጥታ፣ "ዳዲ፣ ያንተ መርከብ እንደዚህ ታምር ነበር?" ብላዋለች። የነሐስ መወጣጫ፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሴቶች፣ በየጠረጴዛው አበባ። ተማም አየውና መጽሐፉን ዘጋው። ፎቶ አይሸትም።

የእሱ ሥራ አንደኛ ማዕረግ የሚሄዱትን ማስተናገድ ነበር፤ ነጋዴዎች፣ ሹማምንት፣ የሹማምንት ሚስቶች። ጣሪያ የሌለው ወለል ላይ የሚሄዱት ሐጃጆች ናቸው። ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከሐረር የመጡ ሽማግሌና አሮጊት፤ ከብታቸውን ሸጠው ካዕባን ሊያዩ የወጡ። ለእነሱ ሩዝ በፍየል መረቅ በትልልቅ ሳፋ ይወጣላቸዋል፤ አንዱን ሳፋ ስምንትም አሥርም ሆነው ይከቡታል፤ ቢስሚላህ ብለው በእጃቸው ይበላሉ። የባቲ ሰዎች ተማምን ሲያዩ "ና ልጄ፣ ቅመስ" ይሉታል፤ ያጎርሱታል። የአገሩን ሰው ገበታ ትቶ የት ይበላል? ሁለት የሐጅ ወቅት ከእነሱ ጋር በላ።

በሁለተኛው ወቅት መጨረሻ፣ ከምጽዋ እንደወጡ ባሕሩ ተናወጠ። የማዕድ ቤቱ ረዳት ወድቆ እጁ ተሰበረ፤ ተማምን "ውረድና ሥራ" አሉት። እስከዚያ ቀን ምግብ የሚቀበለው ከበሩ ላይ ነበር፤ ወደ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ገባ። ከየክፍሉ የተሰበሰቡ ሳፋዎች ተደርድረዋል፤ የአንደኛ ማዕረግ ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ ያስመለሱባቸው። አንድ ሰውዬ እያነሳ በመስኮት ይደፋል፤ በርሜል ውስጥ ባለ የባሕር ውሃ አንቦጫርቆ ያወጣል። የበርሜሉ ውሃ ራሱ ሾርባ ሆኗል። በከሰል ጆንያ ቅዳጅ አበስ አድርጎ ለአብሳዩ ያቀብላል። አብሳዩ ሩዝ ይሞላበታል። ጠርዙ ሰማያዊ፣ ከታች ወፍ።

"በዚሁ ነው የምትሰጧቸው?" አለ ተማም።

"በምን ልስጣቸው? በመዳፋቸው ላድርግላቸው?" አለ አብሳዩ። "ሩዙ ትኩስ ነው። ትኩስ ነገር ሁሉን ያጥባል። ተሸከም።"

ተሸክሞ ወጣ። ሐጃጆቹ ከበቡ። እነሱ ሲበሉ እሱ የመርከቧን ጠርዝ ይዞ ያስመልስ ጀመር። አንዲት የባቲ እናት "ውይ ልጄን፣ ባሕሩ አዞረው" ብላ ተነሳች። ከጓደኞቿ ጋር በልተው የጨረሱበትን ሳፋ ይዛ መጥታ ከአገጩ ሥር ያዘችለት። ሩዝ ተጣብቆበታል።

መብሩካ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። የስዊዝ ቦይ በጦርነት ሲዘጋ ሥራዋ ሞተ፤ ባለቤቷ አሰብ አጠገብ ድንጋይ ላይ ጥሏት ሄደ። ሕዝቡ በጀልባ ወጥቶ ገፈፋት፤ በሩን፣ መስታወቱን፣ ነሐሱን። ሳፋዎቹም ገበያ ወጡ። የማይሰበር የፈረንጅ ዕቃ ተብለው ተሸጡ። ተማም ምግብ ቤት ሲገባ ሥጋ ተዘፍዝፎባቸው ያያል። ሰው ቤት ሲጠራ ሊጥ ተቦክቶባቸው ያያል። ማን ቤት ምን እንዳለ ማን ያውቃል? ሳፋውን ባያይም ያየው ይመስለዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙ እጅ የሚገባበት ክብ ነገር ሲቀርብለት ጉሮሮው ይዘጋል። በሽታ በሉት። ሌላ ስም የለውም።

እኔን ያገባኝ ካርቱም ነው፤ ሁለታችንም ስደተኛ ሆነን። በኒካው ቀን አጎረስኩት። ጉንጩ ውስጥ ይዞት ቆየና ወደ ጓሮ ወጥቶ ሲተፋው አየሁ። ሙሽራ ነኝ፤ እጄን አየሁት፤ ምን ቆሻሻ ነገር አለብኝ ብዬ። ያን ዕለት ማታ መርከቧን ነገረኝ። ከዚያ ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ።

"ለምን?" አልኩት።

"የማን እናት በዚያች መርከብ እንደሄደች አናውቅም" አለኝ። "ለሐጅ የበሉትን ምግብ ላርክስባቸው?"

ይኸው ነው። ሰው ኩሩ የሚለው ይህን ዝም ብሎ የተሸከመ ሰው ነው። እኔም አብሬ ተሸከምኩ። ቤታችን ውስጥ ሁለታችን ብቻችንን ስንሆን እንኳ ሁለት ሳህን ነው። መጀመሪያ ሰሞን አለቅስ ነበር። ኋላ ሁለት ሳህን ማጠብ ብቻ ሆነ።

ሚኔሶታ ከመጣን በኋላ ግን የሚመቸው ቦታ አገኘ። ፍሪድሊ የምትባል ከተማ ያለ ፋብሪካ ነው፤ ለልብ በሽተኛ የሚገባ ቀጭን ሽቦ ይሠራበታል። የሚሠሩበትን ክፍል ክሊን ሩም ይሉታል። ሲገባ እጁን እስከ ክርኑ ይታጠባል፤ ጸጉሩን ይሸፍናል፣ አፉን ይሸፍናል፣ ጫማውን ይሸፍናል። አየሩ እንኳ ተጣርቶ ነው የሚገባው። ሌሎቹ በላስቲክ ታፈንን ብለው ያማርራሉ። እሱ ኦቨርታይም ይለምናል። "እዚያ ውስጥ ማንም ማንንም አይነካም" ይለኛል፤ ጀነትን አይቶ እንደመጣ ሰው።

በፈረንጆች 2004፣ ሚኒያፖሊስ ባቡሩ የተጀመረ ጊዜ፣ ኢቅራ ኡበይዳ የሚባል ልጅ ልታገባ ተነሳች። ዩኒቨርሲቲ ነው የተዋወቁት። ጨዋ ልጅ ነው፤ አባቱ ሞቷል፤ እናቱ አፊፋ የሽማግሌዎች ማቆያ ውስጥ ትሠራለች። የእናቱ ወንድም ሀጂ እንድሪስ እንደ አባት ሆኖ ሽምግልና ይዞ ኩን ራፒድስ የምትባል ከተማ ያለው ቤታችን መጣ። እነሱ ሲበሉ ተማም በራሱ ቤት ነውና እያስተናገደ፣ ሻይ እየቀዳ አመለጠ። ልጃችንን ሰጠን። ቀጥሎ እነሱ እኛን ጠሩን። እዚያ ማምለጫ የለም። የሁለቱ ወገን አባቶች ካንድ ትሪ በልተው፣ ተጎራርሰው ነው ነገሩ የሚያልቀው።

ስንወጣ ተማም የታጠበ ሳህኑን ወደ መኪናው ሊመልስ ሲያነሳ እጁን ያዝኩት።

"ዛሬ ተወው" አልኩት።

"ምን ልሁን ታዲያ?"

"ከዳር ከዳር ቆንጠር ታደርጋለህ። ሦስት ጉርሻ። ለልጅህ ሦስት ጉርሻ ያቅትሃል?"

"አያቅተኝም" አለ። ሳህኑን ትቶ ወጣ። ሃይዌይ ላይ ድራይቭ ሲያደርግ ምራቁን ሲውጥ ይሰማኛል።

አፊፋ ሚኒያፖሊስ ካሉት ፎቆች አንዱ ላይ ነው የምትኖረው። ቤቷ እንደ መስታወት ይጸዳል። ሩዝ በበግ ሥጋ ሠርታለች፤ ትልቅ ክብ ትሪ ሙሉ፣ እንፋሎቱ እየወጣ። ወንዶቹ አንዱን ትሪ ከበቡ፤ ሀጂ እንድሪስ፣ ኡበይዳና ተማም። እኔና አፊፋ በሌላው ነን። ኢቅራ እንደ ደንቡ ቤት ቀርታለች። ሀጂ ጨዋታ የሚያውቅ፣ ሆዱ ሰፊ ሽማግሌ ነው።

"አቶ ተማም" አለ፤ "ግድግዳውን ሳይሆን ሩዙን እይ። ግድግዳው የኪራይ ነው።"

ሁላችን ሳቅን። ተማምም ከንፈሩን ሳቅ አስመሰለው። እጁ ግን ጉልበቱ ላይ ነው። የሀጂ ጣቶች መረቅ ውስጥ ሲገቡና ሲወጡ፣ ኡበይዳ ጣቱን ሲልስ፣ የተማም ግንባር በላብ ሲረጥብ አያለሁ። ብላ፣ ብላ እያልኩ በልቤ እለምነዋለሁ።

ሀጂ ሥጋውን በሩዝ ጠቀለለ። "ይህች የልጆቻችን ናት፤ አላህ በረካ ያርግላቸው" ብሎ ዘረጋ።

የተማም አፍ አልተከፈተም። ሀጂ አስጠጋለት። ተማም ፊቱን ወደ ጎን አዞረ፤ ሩዙ ሸሚዙ ላይ ተበተነ።

"ስኳር አለበት" አልኩ ቶሎ ብዬ።

"ስኳር ያለበት ሰው ሥጋ ምን አደረገው?" አለ ሀጂ። ጨዋታው ከፊቱ ጠፍቷል።

"ተወው ወንድም ጋሼ" አለች አፊፋ። እጇን ከትሪው አነሳች። "ገብቶኛል። ማነው የነገራችሁ?"

"ምኑን?" አልኳት።

"የአያታችንን ነዋ። ቆዳ ፋቂ መሆኑን። ከእኛ ጋር ማን ይበላል? አጥንታችንን ልትቆጥሩ ነው የመጣችሁት። በስልክ ብትነግሩን ይሄን በግ አላርድም ነበር።"

ወላሂ አልሰማንም ነበር። አያቷ ፋቂ ይሁን ንጉሥ አናውቅም፤ ራሷ ነገረችን። ብምልም አላመነችኝም። የአገራችን ሰው የሰው ምግብ እምቢ ሲል አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው፤ ዘራችሁ ከዘሬ ያንሳል። ጫማችንን አድርገን ወጣን። ትሪው እንደሞላ ቀረ።

አሳንሰሩ ውስጥ ማንን እንደምጸየፍ አላወቅሁም። ተማምን ጸየፍኩት፤ ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው ለሦስት ጉርሻ አፉን መክፈት ያቃተው። አፊፋን ጸየፍኳት። ይሄን የፋቂና የቀጥቃጭ ወሬ ባሕር አሻግረው አሜሪካ ድረስ ይዘውት መጡ። እኔ ሆቴል ውስጥ የሰው ሽንት ቤት አጥባለሁ። እሷ የሽማግሌ ዳይፐር ትቀይራለች። ቆዳ መፋቅ ከዚህ በምን ያንሳል? አያቷ ቢያንስ ጫማ የሚሆን ነገር ትቶ ሄዷል።

ቤት ስንደርስ ኢቅራ ሰምታለች። ኡበይዳ ደውሎላታል። እናቱ "ከሚጸየፈን ቤት አልዛመድም፤ ብታገባት እናት የለህም" ብላዋለች። እሱም ያለ እናቱ ምርቃት አላገባም ብሏል። ኢቅራ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ አባቷን በእንግሊዝኛ ትጠይቀዋለች።

"ኢትስ ራይስ፣ ዳዲ። ጀስት ራይስ። ዋይ?"

ሩዝ ብቻ ነው፣ ለምን ትለዋለች። እኔን መሐላዬ ይዞኛል። ሳምንት ሙሉ ልጅቷ ከሥራ መጥታ ክፍሏን ትዘጋለች። ምግብ ትቼላት ስመለስ እንዳለ አገኘዋለሁ። የሳምንቱ መጨረሻ ላይ ተማም ከሺፍት መጥቶ ጃኬቱን ሳያወልቅ ማዕድ ቤት ቆመ።

"ልነግራቸው ነው" አለ።

"የማን እናት በዚያ እንደሄደች አናውቅም ስትል አልነበር?"

"አላውቅም። የማን አባት እንደሆንኩ ግን አውቃለሁ።"

በማግስቱ እሁድ ከሰዓት ሄድን። አፊፋ በሩን በኡበይዳ ልመና ከፈተችልን እንጂ ፈልጋ አይደለም። ሀጂም ተጠርቶ መጥቷል። ውሃ እንኳ አላቀረበችም። ተማም ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጀመረ፤ ከባቲ፣ ከኮቱ፣ ከጣሊያኑ። እንዲህ ብዙ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ስለ ስኮትላንድ ሴቶችና ስለ ፒያኖው ሲያወራ ሀጂ እንድሪስ አቋረጠው።

"መርከቧ ማን ትባላለች አልከኝ?"

"በእኔ ጊዜ መብሩካ።"

ሀጂና አፊፋ ተያዩ። ሀጂ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። "እናታችን በመብሩካ ነው ሐጅ ያደረገችው" አለ። "በእኛ አቆጣጠር በሃምሳ ስምንት። እስክትሞት ድረስ ስሟን ሳትባርክ አትጠራትም።"

እኔ እዚህ ላይ ያበቃል ብዬ ነበር። ተማምም አየኝ። ሌላ መርከብ ነው ሊል ይችል ነበር፤ ሌላ መብሩካም ትኖራለች ሊል ይችል ነበር። ጉሮሮውን ጠርጎ ቀጠለ። ማዕድ ቤቱን ነገራቸው። በርሜሉን ነገራቸው። የከሰሉን ቅዳጅ፣ ሩዙን፣ ከአገጩ ሥር የተያዘለትን ሳፋ ነገራቸው። አንድም አላስቀረም። ኡበይዳ ወለሉን ያያል።

"ውሸት ነው" አለ ሀጂ። "እናቴ ያንን ሩዝ የጀነት ሩዝ ትለው ነበር። እንደዚያ ያለ ሩዝ በዱንያ አልቀመስኩም ትል ነበር። ላለመብላትህ ሰበብ አጥተህ የሞተች ሴት ምግብ ታረክሳለህ?"

"እኔም በልቼዋለሁ ሀጂ። ጣፋጭ ነበር።"

"አስተግፊሩላህ። ሰማሽ አፊፋ? ጣፋጭ ነበር ይላል።"

የአፊፋ እጅ አፏ ላይ ነው። "ወፍ" አለች ቀስ ብላ። "ወፏ እስክትታይ እንበላ ነበር ትል ነበር እማ። ሳፋው ሥር ወፍ አለች፤ መጀመሪያ ወፏን ያየ ዱዓው ይደርስለታል ተብሎ ይሽቀዳደሙ እንደነበር።"

"ጠርዙ ሰማያዊ ነው" አለ ተማም።

አፊፋ ተነስታ መታጠቢያ ቤት ገባች። በሩ ቢዘጋም ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሁላችንም ሰማናት። ሀጂ መቁጠሪያውን ከኪሱ አውጥቶ አልቆጠረበትም፤ ጨበጠው። ኡበይዳ ውሃ ይዞላት ሄደ። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፤ ከንፈሯን በሶፍት ትጠርጋለች።

"ለምን አልነገርካቸውም ያኔ?" አለችው።

"ነግሬ ምን ይብሉ? ባሕር መሃል ነን።"

አፊፋ ወደ እኔ ዞረች። "ሃያ ምናምን ዓመት ይሄን ሰው እንዴት ቻልሽው?"

"ሁለት ሳህን አጥባለሁ" አልኳት።

"እናቴ በልታ ዘጠና ዓመት ኖራለች" አለ ሀጂ እንድሪስ፤ አሁን የተቆጣው በማን እንደሆነ ለራሱም የገባው አይመስልም። "ምንም አልሆነችም። እናንተ ሆዳችሁ የጨርቅ ነው።"

"ወንድም ጋሼ፣ ዝም በል፣ እንደገና ልታስመልሰኝ ነው" አለች አፊፋ። ከዚያ ለተማም፣ ፊቱን ሳታየው፣ "አጥንቴን አልቆጠርክም። እሺ። ሰርጉ ይሁን። አሁን ግን ሂዱልኝ፤ ልተኛ" አለችው።

መኪና ውስጥ ስንገባ ተማም መሪውን ያዘ። ቀለለኝ እንዲል ጠብቄ ነበር። "እናታቸውን ወሰድኩባቸው" አለና አስነሳው።

በነጋታው አፊፋ ደወለችልኝ። ቁርስ ልትበላ ሳህን አንስታ ሁለት ጊዜ አጥባ መልሳ አስቀምጣዋለች። ትሪዎቿን ከፎቁ ሥር ያለው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጥላቸዋለች። "ምን አደረጋችሁኝ?" አለችኝ፤ ስድብ አልነበረም። እንዲህ ያለ ነገር አንዴ ከተሰማ ተመልሶ አይወጣም፤ ከእኔ ወደ እሷ ተሻገረ፣ አለቀ። ኢቅራ ግን ያን ቀን በልታ አደረች።

ሰርጉ በመስከረም ሆነ፤ አዳራሽ ተከራይተን። ትሪ የሚባል አልቀረበም። ለያንዳንዱ ሰው የወረቀት ሳህን፣ ክዳን ያለው። ወሬው ያኔ ነው የተነሳው። ፈረንጅ ሆኑ አሉ፤ ሁለቱ ቤተሰብ እርስ በርሱ ስለሚጸያየፍ ነው አሉ፤ የፋቂነቱንም ነገር ከየት እንደሰሙት እንጃ፣ ጨመሩበት። ሀጂ እንድሪስ ሦስት ሽማግሌዎች ይዞ አንድ ጥግ ሄደ፤ የአራቱን ሩዝ አንድ ላይ ገልብጦ በእጁ በላ። ከመሃላቸው ሆኖ ወደ ተማም ይመለከት ነበር፤ እጁን አፉ ውስጥ ቀስ እያደረገ። ተማም ሙሽሮቹን እንጂ እሱን አላየም።

የማጉረሱ ሰዓት ሲደርስ ሴቶቹ እልል አሉ። አማት ሙሽራዋን ማጉረስ አለባት። አፊፋ ነጭ ሐር ለብሳ ተነሳች። ወደ ትሪ ሳይሆን ወደ ካርቶን ሄደች፤ በላስቲክ የታሸገ ማንኪያ አውጥታ በጥርሷ ቀደደችው። ሩዝና ሥጋ ቀነስ አድርጋ ለኢቅራ አፍ አቀረበች። እልልታው ቆመ። ከኋላዬ ያለችው ሴት "ኧረ ጉድ፣ በማንኪያ" አለች። ኢቅራ አባቷን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ አፏን ከፈተች። አፊፋ ማንኪያዋን ጣለቻት። ለኡበይዳ ሌላ ቀደደች። እሱም ጎረሰ።

ዋጡ። ተጋቡ።